በረዶ ዳርን

ባልቲስታን፣ ኅዳር

ጥሩዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እዚህ የምኖርበት መንደር ምንጭ ደርቆ የአፕሪኮት ዛፎቹ ሊሞቱብን ስለሆነ ትናንት በረዶ ዳርን። እዚህ ሰዎች ወንድና ሴት የሚሏቸውን በረዶዎች ከሁለት ተራራ ተሸክመን ዋሻ ውስጥ አንድ ላይ ቀበርናቸው፤ ከተዋሃዱ ውሃ ይወልዳሉ። እኛ አገር ሰርግ በእልልታ ነው፤ እዚህ ግን ተሸካሚ ትንፍሽ ካለ በረዶው አይይዝም። ገደሉ ላይ ሲያንሸራትተኝ “በስመ አብ” ልል ስል ከንፈሬን ነከስኩ። ሸክሙን እንዳወረድን ጎረቤቴ እማማ ከኒዝ ሳቁብኝ፦ “እዚህ ከመጣሽ ጀምሮ ቋንቋችንን ፈርተሽ ሰባት ዓመት አፍሽን የዘጋሽው ለካ ለዛሬ ኖሯል! በይ እንግዲህ፣ የዳረ ሰው የሙሽሮቹን ልጅ ሳያይ አይሄድም።”

አራት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። መቼ ትመለሻለሽ ላልሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ጓደኛችንን የሺመቤትን ሳሚልኝ፤ አንቺ ግን ነይና የመጀመሪያውን ውሃ አብረን እንጠጣ።

አስካለ