ስለ ሩዝ ማብሰያውና በኩባያው ላይ ስለነበሩት ሁለት መስመሮች

ለተከበሩ የቤት ዕቃ መደብሩ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ መጋዘንዎና የመጋዘንዎ ቁልፍ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የቁልፉን ደህንነት ለብቻው የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ እደርስበታለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቅርቡ ከመደብርዎ በስልክ መልእክት ደርሶኛል። ከእናንተ የተገዛው የሩዝ ማብሰያ ለቤት አገልግሎት ያዋጣ እንደሆነ፣ ሌሎች ደንበኞች እንዲጠቀሙበት ሐሳባችንን እንድንሰጥ ይጠይቃል። ሐሳቤን የሚፈልግ ሰው በመገኘቱ ኮርቻለሁ። መልሱ ለሌሎች ደንበኞች ከሆነ እነሱ ባሉበት መመለስ ይሻላል ብዬ ይህንን በአደባባይ ጻፍኩ። ከመልሱ በፊት ግን ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ መልእክቱ የደረሰው በልጄ ስልክ ነው። ማብሰያውን የገዛችው እሷ ስለሆነች የሰጠቻችሁም የራሷን ቁጥር ነው። ልጄ ካረፈች ወራት አልፈዋል። ስልኳን ግን አሁንም ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ያን ቀን ሲጮኽ እጄ ላይ የነበረውን ሳህን ጥዬ ነው የሮጥኩት። ውድ ደንበኛችን፣ እንዴት ነዎት ይላል። ስለ ደህንነቷ በመጠየቃችሁ አመሰግናለሁ፤ ትንሽ ዘገያችሁ እንጂ።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ከመጀመሪያውም አላመንኩትም ነበር። ልጄ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል በፈረቃ ትሠራ ስለነበር፣ ስትመለስ ምድጃ አጠገብ ቆሜ እንዳታገኘኝ ለጉልበቴ አዝና ነው የገዛችው። እኔ ግን ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ቁጭ እል ነበር። መብራቱ ከቀይ ወደ ቢጫ ሲቀየር፣ መብሰሉን ማን ነገረው ብዬ ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ይለበልበኛል። እማዬ፣ ምን ሰርቆሽ ነው እንዲህ የምትጠብቂው እያለች ትስቅብኝ ነበር። ውሃውን በጣቴ ስለምለካ ሩዙ ይላቁጥብኛል፤ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ ወረቀት የሚለጠፍበት ትለኛለች። በመጨረሻ ከማብሰያው ጋር የመጣው የመለኪያ ኩባያ ቁጥር ለዓይኔ እንደማይታይ ስታውቅ የጥፍር ቀለሟን አምጥታ ሁለት ቀይ መስመር አሰመረችበት። ታችኛው ብቻሽን ስትሆኚ፣ ላይኛው እኔ ስኖር፤ ሩዙን እስከ መስመሩ፣ ውሃውን በዚያው ሁለቴ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጣትሽ ጡረታ ወጥቷል አለችኝ። እውነትም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላላቆጠ።

ይህ በእናንተ ላይ የቀረበ ቅሬታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኩባያው ምን ዓይነት ኩባያ እንደሆነ እንዲገባዎት ብዬ ነው።

ሦስተኛ፣ የማብሰያው ቁልፍ ሲጫኑት አልይዝ አለ። ዋስትናው ስላላለቀ ስደውል፣ የጥገና ሠራተኛችሁ አንድም ነገር ሳይጎድል ከነሙሉ ዕቃው ካልመጣ አንቀበልም አለኝ። እኔም ታዛዥ ሰው ነኝና ኩባያውን ውስጡ አድርጌ አመጣሁ። ይህ ጨዋ ሰው እናቴ አረፍ ይበሉ ብሎኝ ዕቃውን ይዞ ገባ፤ ሲመለስ ያልተከፈተ ካርቶን ታቅፏል። እናቴ ዕድለኛ ነዎት፣ አዲስ ተፈቀደልዎ አለኝ። የኔስ ስለው ወደ መጋዘን ገብቷል አለኝ፤ መቼ ይወጣል ስለው የተተካ ዕቃ አይወጣም፣ ይወገዳል፣ ደንባችን ነው አለ። እንግዲያው ኩባያዬን ብቻ ስለው፣ አዲሱ ውስጥ አዲስ ኩባያ አለ እኮ አለኝ። መስመሩንም ነገርኩት። ሳቀና፣ ኩባያ እኮ ነው እናቴ አለኝ። ለማጽናናት ብሎ እንደሆነ አምኜ ተቀብያለሁ።

አራተኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እጠረጥራለሁ። አሮጌ ወስዶ አዲስ የሚሰጥ ነጋዴ በዕድሜዬ አላየሁም። ይወገዳል የተባለው ማብሰያዬ ተጠርጎ ጥግ ላይ ካለው የታደሱ ዕቃዎች መደርደሪያ ቢወጣስ ብዬ እየመጣሁ ክዳን በክዳን ከፍቼ አያለሁ። ጥበቃችሁ ምን ጠፋብዎት ሲለኝ፣ ሩዝ ብዬዋለሁ። እስከ በሩ ድረስ ስለሸኘኝ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ወደ እርስዎ ቢሮ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ይሉኛል። ስብሰባው ስለ ኩባያዬ ከሆነ ይህን ያህል በመድከምዎ አፈርኩ። ካልሆነም የመጋዘኑን ቁልፍ ለደቂቃ ያህል ቢያውሱኝ እኔው ፈልጌ አወጣዋለሁ።

አዲሱ ማብሰያ ካርቶኑ ሳይከፈት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ይዤው እመጣለሁ። አሮጌውን ጠግኑልኝ አላልኩም፤ እንደተበላሸ ስጡኝ። እሱንም ካልቻላችሁ እናንተው አስቀሩት፣ ኩባያውን መልሱልኝ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። የሩዝ ማብሰያ ለቤት ያዋጣል ወይ? ከአንድ በላይ በላተኛ ላለበት ቤት ሳላመነታ ያዋጣል እላለሁ። አያሳርርም፣ ጉልበት ያሳርፋል፣ ከሥራ አምሽቶ ለሚመጣ ሰው ምግቡን ሙቅ አድርጎ ያቆያል። ለብቸኛ ሰው ያዋጣ እንደሆነ ግን አላውቅም። ልጄ ካረፈች በኋላም በላይኛው መስመር እየለካሁ ነበር የማበስለው፤ የተረፈውን ለጎረቤት እሰጣለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ጨከንኩና ሩዙን እስከ ታችኛው መስመር ለካሁ። ውሃውንም ሁለቴ ጨመርኩ። ቁልፉ አልይዝ ያለኝ ያን ቀን ነው። ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ፣ የጠየቃችሁኝን ልመልስላችሁ የምችለው እናንተ መጋዘን ባለው ኩባያ ብቻ ነው።

ለመደብርዎ ብዙ ገበያ፣ ለመጋዘንዎ ሰፊ በር፣ ለእርስዎም ከስብሰባ የሚወጡበት ቀን እየተመኘሁ፣ ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣

ዕድለኛዋ ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ መልእክታችሁ ከአምስት ኮከብ ስንት እንደምሰጥም ይጠይቃል። አምስቱንም ለማብሰያው ሰጥቻለሁ፤ ለእናንተ የተረፈ የለም። ኩባያው ሲገኝ በዚያው በልጄ ስልክ አሳውቁኝ፤ ሲጮኽ እንደምሮጥ ታውቃላችሁ።