የሳሙናው ሱቅ ዳግም ሊዘጋ ነው

ውድ በላቸው፣

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤቱ ደህና ነው። ኮኩ ዘንድሮ ከልክ በላይ አፍርቶ ቅርንጫፎቹን በእንጨት ደግፈናቸዋል። በአንድ በርሜል ሳሙና ማፍላት በጀመርክበት ጓሮ ሁለተኛ ትልቅ ማፍያ ተተክሏል። እኔም ከርዕሰ መምህርትነቴ ጡረታ ወጥቼ፣ በፋብሪካው ደጃፍ ያለውን ሱቅህን እመራለሁ።

የምጽፍልህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። በወረዳው ምክር ቤት አንተ ለነበርክበት ወንበር እንድወዳደር የነፋስ ስልክ ሽማግሌዎች ጠየቁኝ፤ እሺ አልኩ። ወዲያው ስጋት ገባኝ። ሰፈሩ አንተን ያመነህን ያህል እኔን ያምነኝ ይሆን?

አንተ የተወዳደርክበትን ወቅት ሳስብ ሳቄ ይመጣል። ለደንበኛ የምትመርቀው ሳሙና ጉቦ እንዳይመስልብህ ብለህ፣ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ሱቁን ዘጋህ። የሠራተኞቹ ደመወዝ እንዳይቋረጥ ግን ማምረቱ ቀጠለ። መጋዘኑ ሲሞላ ሳሙናው ሳሎናችን ገባ፤ ካርቶን ተደግፈን ምሳ በላን፤ ዳቦው ሳይቀር ሳሙና ሳሙና አለን። ከፉሪ አህያ ይዘው የመጡት ደንበኞችህ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አንጀቴን በሉት። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ ደግሞ በሩን በድንጋይ እየቆረቆሩ፣ «ጋሽ በላቸው፣ ቶሎ ይመረጡና ይገላግሉን! ልብሱ በውሃ ብቻ አልነጣ አለ!» አሉ።

ተመረጥክ። ተፎካካሪዎችህ «ሳሙና የቸገረው ሰፈር መረጠው» ብለው ሲያሾፉ አብረሃቸው ሳቅህ፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ አጠገብ የቦኖ ውሃ እስኪከፈት ድረስ በየስብሰባው ከመጠየቅ አላረፍክም።

ትናንት የመወዳደሬ ወሬ ሰፈሩን ሲያዳርስ፣ ከሱቁ በር እስከዚያው ቦኖ የሚደርስ ሰልፍ አገኘሁ። ምን እንደተፈጠረ ብጠይቅ፣ ወይዘሮ አስካለ አንድ ካርቶን ሙሉ ሳሙና እንደታቀፉ፣ «እርስዎም እንደ ጋሽ በላቸው ሊዘጉብን አይደል? ዘንድሮስ አንሞኝም!» አሉኝ። ሱቁን ለመዝጋት ማሰቤን ገና ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ማንም ሳይነግራቸው አውቀውታል። ስጋቴም በዚያው ቀረ።

ነገ ሱቁን እዘጋለሁ። ቁልፉን አንተ በመታኸው ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ፤ በፊቱ ባለፍኩ ቁጥርም አንተን አስባለሁ። ሳሎኑን ከወዲሁ ለሳሙናው ለቅቄለታለሁ፤ ያንተን ወንበር ብቻ ከቦታዋ አላነሳኋትም።

ባለቤትህ አልማዝ