የገና ተጫዋች ማን ይቀልባል

ቦንጋ፣ ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ባለፈው ሳምንት በገና ጨዋታ የሺሺንዳን ልጆች ስናሸንፍ መላው ቦንጋ ሜዳ ላይ ነበር። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። በማግስቱ ግን ዱላችንን ጣሪያ ሥር ሰክተን እስከ ከርሞ ተለያየን። ይኼ አንገብግቦኝ ነው ዛሬ በቀበሌው ስብሰባ እጄን ያወጣሁት። “ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሕዝቡ ገናን እንዲህ እየወደደ ለምን ከከተማ ከተማ እየዞረ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወት ቡድን አይኖረንም?” አልኩ።

ሊቀ መንበሩ አልተቆጣም። “ቡድን የሚኖረው ተጫዋቹን የሚቀልብ ሲገኝ ነው። የሚቀልበው ደግሞ ወይ ፋብሪካ ነው፣ ወይ ጦሩ። ቦንጋ ፋብሪካ የላትም” አለና ወደ ጸሐፊው ዞረ። “ጓዱ መጫወት ይፈልጋል። ለብሔራዊ ውትድርና አንድ ሰው ጎድሎን አልነበር? እሱን ጻፈው።”

ሰው አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ። ጦሩ ኳስ እንጂ ገና እንደማይጫወት እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል። እምቢ ብል ደግሞ፣ አንተው አይደለህ የጠየቅከው ይሉኛል።

እናቴ ስብሰባው ላይ አልነበረችም። የሰማችው ለጦሩ ቡድን መመረጤን ብቻ ነው። ቤት ስገባ ደስ ብሏት ዱላዬን አውርዳ ቅቤ ስትቀባው አገኘኋት።

“ይዘኸው ሂድ፤ የሰው ዱላ ለእጅህ አይመችህም” አለችኝ።

ካምፑ በር ላይ እሱን ተቀብለው ምን እንደሚያስይዙኝ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ስትወለውለው አየሁ።