የዱባውን ፍሬ ማን ይቆላው እንደነበር

የሽኩር አባት፣

እስከ ዘንድሮ አረፋ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ዛሬ ልጻፈው። ቡታጅራ ሁሉ «የእሷ እጅ» እያለ ሲያወድሰው የኖረውን የዱባ ፍሬ እኔ ቆልቼው አላውቅም። ወንድ ምድጃ ሥር ታየ እንዳይሉህ በሩን ዘግተህ የምትቆላው አንተ ነበርክ።

ከተለየኸን ይኸው ሦስተኛው አረፋ ነው። ሽኩር ከመርካቶ እየላከ ጣራችንን ቆርቆሮ አልብሶታል። እኔም ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምኳት ፊደል ደብዳቤ ለመጻፍ በቃች።

ያቺን ቀን ታስታውሳለህ? ጎረቤታችን ኸድጃ ሳትጣራ ስትገባ ማማሰያውን ጋቢህ ውስጥ ሸሸግከው። ሚጥሚጣው አስነጠሰህ። «ጉንፋን ነው?» ስትልህ «አዎ» አልካት። እሷም ወጥታ «ሚስቱ ትለፋለች፣ እሱ ተከናንቦ ይበላል» ብላ ለሰፈሩ አወራች። ሰነፍ ሲሉህ ሰምቼ ዝም አልኩ። አንተ ስቀህ አለፍከው፤ እኔን ግን ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ሁለቱን አረፋ «ዱባው አልደረሰም» እያልኩ አመለጥኩ። ዘንድሮ ሽኩር ሙሽራውን ይዞ መጣ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ እኔ እጅ ሲነግራት ነው የመጣው። ምን ልበል? ፍሬውን በጨው ውኃ ነክሬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ መቁላት ጀመርኩ። አንተ ከእሳት አውርደህ፣ ለብ ሲል ነበር ሚጥሚጣውን በቅቤ የምታሸው። እኔ እሳቱ ላይ እንዳለ ነሰነስኩት። ቤቱ ታፈነ፤ ሙሽራዋም፣ ሽኩርም፣ ለእንኳን አደረሳችሁ የመጣችው ኸድጃም እየሳልን ደጅ ወጣን።

«ምን ነካሽ እህቴ፣ ያ እጅሽ የት ሄደ?» አለችኝ ኸድጃ እንባዋን እየጠረገች።

«ወላሂ የእኔ አልነበረም። የሚቆላው እሱ ነበር» አልኳት።

 «እና ያ ጉንፋን…» ብላ ጀምራ ሳቋ አላስጨርስ አላት። ሙሽራዋ ሳትቀር አጥሩን ይዘን ሳቅን።

ሁለተኛውን ዙር ሽኩር ቆላው፤ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው፣ ሙሽራዋ ቅቤ እያቀበለችው። ጨው አበዛበት። አንድ ፍሬ ሳናስተርፍ በላነው።

ካሁን በኋላ «የማን እጅ ነው?» ላለኝ ሁሉ ስምህን እጠራለሁ። እነዚህን ወረቀቶች የምሰጠው ለኸድጃ ነው። ማንበብ ስለማትችል እኔው አነብላታለሁ፤ ለገበያው ማዳረሱን እሷ ታውቅበታለች።