ከየትኛው ዛፍ?

ሰኔ 14

ሁለቱም ዛፎች አበቡ። ስንት ዓመት ጠብቄ! ቼስትነት፣ ፍሬው ተቀቅሎ የሚበላው የፈረንጅ ዛፍ፣ ብቻውን አያፈራም፣ ጓደኛ ይፈልጋል ሲሉኝ ነው ሁለት የተከልኩት። ጓሮው በንብ ተሞልቷል። አማቴ በመስኮት አይተው፣ "ሽንኩርት ብትተክይ ስንቴ በበላን ነበር" አሉ። ወደ ንቦቹ ዞርኩ። እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ወደ ዛፎቼ መሸሽ ለምዶብኛል...

ነሐሴ 29

ፍሬው በእሾህ ተሸፍኖ ጃርት መስሏል። ነካሁት፣ ወጋኝ። ደስ አለኝ። ጤነኛ ነኝ?

መስከረም 16



ከስፌት ቤት ስመለስ ምድጃው ላይ ድስት። የተቀቀለ ቡናማ ፍሬ፣ ግማሹ ተበልቷል። አማቴ ሶፋው ላይ ተኝተዋል። የኛ እኮ ገና አልረገፈም! አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለው ዛፍ ግን... ፍሬው የኛን ይመስላል፣ መርዝ ነው።

"እማማ! ይነሱ! ከየት ለቀሙት?"

"ከመንገድ..." መልሰው አሸለቡ።

ባሌ ጋ ደውዬ "ቶሎ ና" ብቻ አልኩ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። ከድንች ልጣጩ ስር ቅርፊቱ ወጣ። የመርዛማው እሾህ አለፍ አለፍ ያለ ነው፤ ይሄ እንደ መርፌ ጥቅጥቅ ብሏል። ድስት ውስጥ የቀሩትን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። የመርዛማው ድቡልቡል ነው፤ እነዚህ ሁሉም ጫፋቸው ሹል... የኛ ነው። የኛ!

"እማማ፣ የትኛው መንገድ?"

"የጓሮው ነዋ! ሽኮኮዎቹ አጥር ስር ጥለውት። በዚህ ጉልበቴ ሌላ የት እሄዳለሁ?"

ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ።

"ምን ሆነሻል?"

"የሚሞቱ መስሎኝ ነዋ!"

"ለኔ ነው የምታለቅሺው?"

አንዱን ልጠው አቀበሉኝ። ባሌ እያለከለከ ሲገባ ሁለታችንም እያላመጥን ነበር።

መስከረም 17

ሐኪም አያቸው። ምንም የለባቸውም። እፎይ...

ጥቅምት 3

ለቀማ። አማቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በወፍራም ጓንት ይፈለቅቃሉ። አጥር ስር ያለውን ልጠርግ ስል፣ "ተዪው፣ እነሱም ብርድ ይመጣባቸዋል" አሉ። ለሽኮኮዎቹ ተውነው።

ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ፣ "ይበላል እንዴ ይሄ?"

"ልጄን ጠይቂያት" አሉ አማቴ፣ ቀና ሳይሉ።

ሴት ልጅ የላቸውም። ዞር ብዬ አየሁ... ጓሮው ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው የለም።