የራሳቸውን መርከብ የማይጠግኑ ወጌሻዎች

ለትልቁ ልጄ፤

መርከባችን የተቃጠለችው በአንተ ጥፋት ነው። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አላጣሁትም። ግን ሰላምታውን ካስቀደምኩ እንደ ልማዴ አንጀቴ ይራራና ዋናው ነገር ሳልናገረው ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን ከወጣልኝ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ተወህ ወይ? ሥራውስ፣ አለቃህስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አለን። የእኔ ጉልበትም ጣትም እንደ ዕድሜዬ ነው። ወንድምህም እዚያው በተኛበት አለ።

ጽሕፈቱ ቢወላገድብህ አትሳቅ። የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ያረጀሁ፣ ደመወዜን በአውራ ጣቴ እየፈረምኩ የተቀበልኩ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ያስቆጠረኝም ወንድምህ ነው። ለምን እንዳስቆጠረኝ ለአንተ እንዳልናገር አስምሎኛል። መሐላውን ዛሬ አፍርሻለሁ፤ ዕዳው በእኔ ይሁን።

የወንድምህ እጅ አልዳነም።

በስልክ «ጣቶቼ ተመልሰዋል» ያለህ ውሸት ነው። ከመኪናው አደጋ ቀን ወዲህ ከአንገቱ በታች አንድ ነገር አልተነቃነቀለትም። ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ፣ የማገላብጠው እኔ ነኝ፣ ከፊቱ ላይ ዝንብ የማባርርለትም እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በዚያ የጠፈር ጨዋታ አብሮህ የሚዋጋው እጅም የእኔ ነው። እሱ በትራስ ተደግፎ ስክሪኑን ያያል፣ ያዛል፤ እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ እጫናለሁ። ማይኩ ተበላሽቷል ያለህ ለዚህ ነው። ማይኩ ቢበራ ኖሮ «እማ፣ ወደ ግራ! እማ፣ ሌላኛው ግራ!» ሲል ትሰማው ነበር።

«አያቴ ብትጫወት ካንተ ትፈጥን ነበር» ብለህ የጻፍክለት ቀን ትዝ ይልሃል? ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ አነበብኩለት። ትን እስኪለው ሳቀ። «እማ፣ ነቃብሽ!» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ክፍል ሳቅ ከተሰማ ሰንብቶ ነበርና አልጠላሁትም። ቀርፋፋ፣ ደንባራ፣ እንቅልፋም እያልክ በጻፍክ ቁጥር ግን የምትሰድበው ማንን እንደሆነ እያወቅሁ አነብለት ነበር።

ከመርከባችን ሆድ እየለቀቅን የምናዛቸው ሰው አልባ በራሪዎች፣ የድሮኖቹ ነገር መጀመሪያ አልገባ ብሎኝ ነበር። የጨዋታው ቋንቋ የባዕድ ስለሆነ ወንድምህ አንቺ ስም አውጪላቸው አለኝ፤ አወጣሁላቸው። ትናንሾቹን ፈጣኖች ትንኝ አልኳቸው። ትልልቆቹን ቀርፋፎች በሬ፤ እስኪደርሱ ነው እንጂ ከደረሱ ይወጋሉ። ከቆሙበት ሳይነቃነቁ ከሩቅ የሚተኩሱትን ዘበኛ። የማይዋጉትን፣ የተመታ ወዳጅ መርከብ የሚጠግኑትን ደግሞ ወጌሻ። በትንሽ መርከብ ላይ በሬ ብትለቅ፣ በሬው እስኪዞር መርከቧ ታመልጣለች። በትልቅ መርከብ ላይ ትንኝ ብትለቅ አያሳክከውም። የመርከባችን ሆድ ግን ጠባብ ነበር፤ ወጌሻ ከተጫነ በሬው መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ነገር ከወንድምህ ጋር ሁሌ እንጨቃጨቅ ነበር። በሬዎቹን እንያዝ እንጂ፣ እኛስ ቀንድ አያስፈልገንም ወይ እለዋለሁ። እሱ ከአንተ ጋር ስንወጣ ወጌሻ ካልያዝን ይለኛል፤ ወደ ውጊያው መጀመሪያ የሚገባው ወንድሜ ነው ይለኛል። መጀመሪያ የሚወጣውም እሱ ነው አልኩት አንድ ቀን። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ። ማዞር የሚችለው ያንኑ ፊቱን ነው።

ያለፈው እሁድ የሆነውን አንተ በአንተ በኩል ታውቀዋለህ። በእኛ በኩል እንዲህ ነበር። አንዲት መርከብ ብቻዋን ድንጋይ ስትቆፍር አገኘሁ፣ ቶሎ ና ብለህ ጻፍክ። ወንድምህ «ወጥመድ ትመስላለች» አለ፤ ግን አትግባ ብዬ እንድጽፍልህ አላዘዘኝም። ከአንተ መቅረት አይወድም። ሄድን። ትንሽ መርከብ ስለነበረች ትንኞቹን ለቀቅሁባት፣ ደህና አድርገው ነደፏት። ወዲያው ትልልቅ የጠላት መርከቦች ከየት መጡ ሳይባል ከበቡህ። «ጠግነኝ! ጠግነኝ!» አልክ። ትንኞቹን ጠርቼ አስገባሁ፣ ወጌሻዎቹን ላክሁልህ። ቀልቶ የነበረው ጋሻህ ቢጫ ሆነ። አረንጓዴ ሊሆን ሲል አንተ የለህም። ልሸሽ ነው እንኳ አላልክም። ወጌሻዎቹ የሚጠግኑት አጥተው፣ አንተ በነበርክበት ባዶ ቦታ ተንሳፍፈው ቀሩ።

ጠላቶችህ ወደ እኛ ዞሩ። እንሽሽ አልኩ። ወንድምህ «መጀመሪያ ጥሪያቸው፤ ትተናቸው አንሄድም» አለኝ። ወጌሻ ደግሞ እንደ ትንኝ አይፈጥንም። እነሱን ስንጠብቅ እሳቱ በእኛ ላይ ተያያዘ። በድንጋጤ ወጌሻዎቹን ወደ ራሳችን መርከብ ጠቆምኳቸው፤ እምቢ አሉ። ደግሜ ተጫንኩ፤ እምቢ። ወንድምህ ረጋ ብሎ «እማ፣ ተይ» አለኝ። «የወጡበትን መርከብ መጠገን አይችሉም። አሠራራቸው ነው።» ያን ሁሉ ጊዜ ሳመላልሳቸው ይህን አልነገረኝም፤ ወይም ይጠቅማታል ብሎ አላሰበም። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ከትንሽ ነገር ተነስተን፣ ጥቂት በጥቂት ያሳደግናት መርከብ ዐይኔ እያየ ተበታተነች።

ከዚያ አንተ ካመለጥክበት ሆነህ ጻፍክ፦ «ምን ያንቀረፍፍሃል? ጣትህን ምን ነካው?»

አነበብኩለት። ያኔ ነው ፊደል ባላወቅሁ ያልኩት። «ይቅርታ፣ ጣቴ ተሳስቶ ነው በዪው» አለኝ። ጻፍኩልህ። አንተም እሺ፣ ሌላ ጊዜ ተጠንቀቅ አልክ።

ልጄ፣ በእናንተ መሀል ይቅርታ ጠያቂው እሱ ነው?

ስለ መኪናው አንድም ቀን አንስቼብህ አላውቅም። ወንድምህ ለትራፊክ ፖሊሱ «የምነዳው እኔ ነበርኩ» ብሎ የሰጠውን ቃል ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ነገሩም በዚያው ቃል ተዘግቷል። ከመኪናው ጎትተው ያወጧችሁ ሰዎች ግን ሆስፒታሉ በር ላይ እኔን አግኝተውኝ ነበር። እሱን በየትኛው በር እንዳወጡት፣ አንተንም በየትኛው በር እንዳወጡህ ነግረውኛል። ሰምቼ ዋጥኩት። ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፤ አንዱን ላጣ ስል ሁለተኛውን አሳልፌ አልሰጥም አልኩ። አንተ ግን በገዛ እግርህ ሄድክ።

አሁን ወንድምህ ሌላ መርከብ እንጀምር ይለኛል። ያለ እኛ ማን ይጠግነዋል ይላል። አርጅቻለሁ፣ ጣቴም በሳሙናና በውርጭ አልቋል፣ ተወኝ ብለው «እሱ እሁድ የሚመጣው ለጨዋታው ነው፤ ጨዋታው ከቀረ አይመጣም» አለኝ። እውነቱን እንንገረው ስለው ደግሞ ለመነኝ። «እጄ እንዳልዳነ ካወቀ ጨርሶ ይጠፋል፣ እማ። ታውቂው የለ?» አለኝ። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ይህን ስታነብ ልትጠፋ ትችላለህ፤ ያኔ ወንድምህ ያቺን እሁዱን በእኔ እጅ ያጣል። አውቄ ነው የምጽፍልህ። ተኝቷል፤ ሳይነቃ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አድርሼ እመለሳለሁ።

ክፍሉን ታውቀዋለህ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፣ ስክሪኑ ያ የተሰበረው የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ በርጩማው መሀላቸው ነው። መርከብ መሥራት ከፈለጋችሁ እዚያ ተቀምጠህ ሥራ። ሁለት ደህና እጅ አለህ። ወደ ግራ ሲልህ ትሄዳለህ፤ ሲሳሳትም እንደኔ ትታገሠዋለህ።

በሄድክበት ክፉ አይንካህ። እጅህ ይባረክ፣ ሁለቱም። እግርህ የቤቱን መንገድ አይርሳ። ብትመጣ ቂም የምቋጥር ሴት አይደለሁም፤ በሩን ራሴ እከፍትልሃለሁ።

ለሚሸሽ ሰው ግን ከእንግዲህ ወጌሻ አልልክም። በወንድምህም ስም «ጣቴ ደህና ነው» ብዬ አልጽፍልህም።

እናትህ