ቀኝ ወይስ ቀጥ

ወንድማችን አሸናፊ ትናንት ጠዋት መፍቻዎቹን በከረጢት ጠቅልሎ ከጋራዡ ወጣ። እስካሁን አልተመለሰም።

ለውድ እህቴ ለእትዬ ወለተማርያም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ከስፌት መኪናው ስትነሺ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ለቀቀሽ? የጋሽ ተክለወልድ ሳል እንዴት ሆነ? ፅዮናዊት ትምህርቷን ጀመረች? ድሬዳዋ ሙቀቱ በረድ ብሎላችሁ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እዚህ ጅቡቲ ገና ነው። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። በልቤ ግን ተናድጃለሁ። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዷ አንቺ ነሽና ቀድሜ ልንገርሽ።

ትናንት ማታ ስደውልልሽ አሸናፊ ቀድሞኝ አልቅሶልሽ ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት «አንተ ትልቁ ነህ፤ ቻለው» አልሽና ስልኩ ተቋረጠ። ነገሩን ሳትሰሚ ፈረድሽ። መልሼ ያልደወልኩት በስልክ ቁጣዬ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ሄሮን ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ውቢት ለእረፍት ወደ አገር ስለምትገባ ይህን በእጇ ሰድጄልሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከኢማን መኪና ነው። ኢማን የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፤ ሦስት የመስክ መኪናዎች አሏት፤ ቱሪስቶችን ወደ አሳል ሐይቅ ታመላልሳለች። መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ ከፍታው የሚስተካከል ሞላና ንዝረት የሚያበርድ አሞርቲሰር አስመጣችና አንዷን መኪና ለእኛ ሰጠችን። ይቺ ካማረች ሁለቱንም ታመጣለች። ሞላው የሚቀመጠው ጥርስ ባለው ቱቦ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቀለበት ወደ ላይ ስታዞሪው መኪናዋ በዚያ በኩል ከፍ ትላለች፣ ወደ ታች ስታዞሪው ዝቅ ትላለች። ጣጣው አራቱንም እኩል ማድረጉ ነው።

አንቺ የቀሚስ ጠርዝ የምትለኪው ሴትዮዋ ለብሳው ስትቆም ነው እንጂ ቀሚሱ መስቀያ ላይ ሳለ አይደለም። መኪናም እንደዚያው ናት። ክሪክ ላይ ሆና ጎማዋ ተንጠልጥሎ የተለካ ልክ ውሸት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የግራና የቀኙን ቀለበት አቻ ለአቻ አስገባሁ፤ አወረድኳት፤ ሞላው ቦታውን እንዲይዝ እስከ ሄሮን ነድቼ መለስኳት። የጎማዎቹን አየር አስተካከልኩ። ግቢያችን ወደ ቦዩ ያዘነበለ ነውና በሩ አጠገብ ባለችው ለጥ ያለች ሲሚንቶ ላይ አቆምኳት። የኢማንን ሹፌር መሪው ላይ አስቀምጬ ከጎማው መሃል ከላይ እስከሚሸፍነው ፓራፋንጎ ጠርዝ ለካሁ። ግራው በሰውየው ክብደት ትንሽ ወርዶ ስለነበር አነሳሁት፤ እንደገና ነዳሁ፤ እንደገና ለካሁ። አሸናፊ ግድግዳ ተደግፎ «አንተ ሜትርህን ስትዘረጋና ስትጠቀልል ፈረንጆቹ አርጅተው ያልቃሉ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቀለበቶቹን ቆልፌ ለሌላ መኪና የፍሬን ዘይት ልገዛ ቡላኦስ ሰፈር ሄድኩ።

በዚህ መሃል ኢማን መጥታ በሩ ላይ ሆና መኪናዋን አየቻት። ከአሸናፊ ጋር የሚግባቡት በፈረንሳይኛ ነው። «ብየን ድሯት እፈልጋታለሁ» ብላው ሄደች። እዚህ ላይ ልብ በይ። በፈረንሳይኛ «ብየን» በደንብ፣ «ድሯት» ደግሞ ቀኝ ማለት ነው። ቀጥ ያለች፣ ያልተንጋደደች ለማለትም ያው «ድሯት» ነው፤ ለወንድ ቢሆን «ድሯ» ይባል ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ ግን መኪና ሴት ናት። ሴትዮዋ እንዳትንጋደድብኝ ማለቷ ነው። ፈረንሳይኛዬ እንደ ውሃ ይፈሳል እያለ በየሻይ ቤቱ የሚያወራው ወንድማችን ግን የገባው ቀኝ የሚለው ብቻ ነው። የውሃ ጀሪካን የሚጫነው በቀኝ በኩል ስለሆነ ቀኟን ከፍ አድርጉልኝ ማለቷ ነው ብሎ ለራሱ ተረጎመ። የቆለፍኩትን ፈትቶ ሁለቱንም የቀኝ ቀለበቶች ወደ ላይ አዞረ። ኢማንን መልሶ አልጠየቃትም። ወደ እኔም አልደወለም። ስመለስ መኪናዋ የለችም፤ «ጨርሼ አስረከብኩ» አለኝ፤ አመንኩት።

በማግስቱ መኪናዋ ሰው ጭና ወጣች። ክብደቱ ሁሉ ወደ ግራ ስለተኛ የፊት ግራ ጎማዋ በየጉድጓዱ ፓራፋንጎውን እየፋቀ ሄዶ ሐይቁ ሳይደርሱ ተተረተረ። ትርፍ ጎማ ቢገባም ያው ሆነ። ሌላ መኪና እስኪደርስላቸው ሰዎቹ ጥላ በሌለበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ አንዲት አሮጊት ራሷን ስታ በውሃ ነው የመለሷት። ብትሞትስ ኖሮ፣ እትዬ?

ማክሰኞ ኢማን መጣችና የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየሰማ «እንደሚያነክስ ግመል አድርጋችሁ ነው የሰጣችሁኝ» አለች። ከዚያ ማን ነው የለካት ብላ ጠየቀች። አሸናፊ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ «እሱ ነው የለካት» አላት። ቃሉ እውነት ነው፤ የለካኋት እኔ ነኝ። እውነት መሆኑ ነው የባሰ ያቃጠለኝ። ውሸት ቢናገር እዚያው አፉን አስይዘው ነበር። የእናቴን ልጅ በባዕድ ፊት አላዋርድም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ኢማን እንደ ማመን ቆጠረችው።

ስትሄድ ያዝኩት። ከብዙ ማድበስበስ በኋላ ያቺን ቃል አወጣት። ትርጉሟን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ መኪና ሴት መሆኗን እኔ በምን ልወቅ?» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። በቃል መሳሳት በእኔም ይደርሳል፤ በአራት ቋንቋ ተከበን ነው የምንኖረው። እንሂድና አንተው ንገራት አልኩት። «ሴት ፊት ቆሜ ፈረንሳይኛ አልገባኝም ልበል?» አለኝ። ስሙ ከሚነካ የእኔ እጅ ይሰደብ ነው ነገሩ። ሲነጋ ከረጢቱን ይዞ ወጣ፤ ወደ አንቺም ደወለ።

መኪናዋን ትናንት ብቻዬን መልሼ አስተካከልኳት። ቀጥ ብላ ቆማለች። ኢማን ግን ሁለቱን መኪናዎች ከማምጣቷ በፊት መጀመሪያ ያበላሸው የማን እጅ እንደሆነ አጣርታ ማወቅ ትፈልጋለች፤ እኔ ከሆንኩ ሌላ ጋራዥ ትሄዳለች። ይህ ጋራዥ ደግሞ ያለ እሷ ሥራ አይዘልቅም፤ አሸናፊም ያውቀዋል።

ስለዚህ እትዬ፣ ቻል የሚለውን ቃል ለእኔ አትድገሚብኝ። ያለው እዚሁ ሰፈራችን ካርቲየ 7 ቢስ፣ ጓደኛው ባንቲሁን ቤት ነው፤ ለእሱ ደውይ። አባብዪው አላልኩሽም። እንደ ልጅነታችን ተቆጪውና ሴትዮዋ ፊት ቆሞ የሆነውን ይናገር። ከተናገረ መፍቻውን ቦታው ላይ ይሰቅላል፤ እኔም አላነሳበትም። ካልተናገረ እኔው እነግራታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ ጋራዥ አብረን አንሠራም።

ጋሽ ተክለወልድን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ፤ ለሳላቸው የላክሁት ሽሮፕ ውቢት ጋ ነው። ፅዮናዊትን ጉንጯን ሳሚልኝ። አብራችሁ ላለችው ለትርንጎና ለጎረቤታችን ለእማማ እታለም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ኢማን የምትመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ውቢት ነገ ማታ እናንተ ዘንድ ትደርሳለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቅዳሜና እሑድ የአንቺ ነው።

ወንድምሽ ሩፋኤል
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 7 ቢስ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.